በአይጥ ሴሬቤለም ላይ የሊፒዶችን የቦታ ብዝኃነት መለካት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ዕቅድ

ጥያቄው አጭር ነው። በአንድ ስስ የአንጎል ቁራጭ ላይ በየነጥቡ ስንት ዓይነት ሊፒድ (ስብ መሰል ሞለኪውል) አለ? ድርሻቸውስ ከነጥብ ወደ ነጥብ ምን ያህል ይለዋወጣል? መለኪያው ማልዲ ኢሜጂንግ ነው። ቁራጩ በማትሪክስ (የሌዘሩን ብርሃን በሚመጥ ኬሚካል) ይሸፈናል፣ ሌዘር በየፒክስሉ ያሉትን ሞለኪውሎች አዮን አድርጎ ያስነሣል፣ ማስ ስፔክትሮሜትሩ ይመዝናቸዋል። ዘዴውን ሪቻርድ ካፕሪዮሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ካሳተሙት ወዲህ ምስል ማውጣቱ የተለመደ ሥራ ሆኗል። ስሌቱ በአብዛኛው ከሥነ ምህዳር የተወሰደ ነው፤ በደን ውስጥ የዛፍ ዝርያ ለመቁጠር የሚያገለግለው ቀመር እዚህ ሊፒድ ይቆጥራል። ቀመሩን ኮምፒውተር ላይ መጻፍ የግማሽ ሰዓት ጉዳይ ነው። አስቸጋሪው ቀመሩ ውስጥ የሚገባው ቁጥር በእርግጥ ሞለኪውል መሆኑን ማረጋገጥ ስለሆነ፣ የዚህ ማስታወሻ አብዛኛው ክፍል እሱ ላይ ይቆያል።

ሴሬቤለም (ከአንጎል በስተኋላ ያለው ትንሹ ክፍል) የተመረጠው ንብርብሮቹ ግልጽ ስለሆኑ ነው። ከላይ ሞለኪውላር ንብርብር አለ፤ በትንሿ የላቦራቶሪ አይጥ ውፍረቱ ከ150 እስከ 200 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ከሥሩ የፐርኪንየ ሕዋሳት በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል፤ የአንዱ ሕዋስ አካል ስፋት ወደ 20 ማይክሮሜትር ይጠጋል። ከዚያ ግራኑላር ንብርብር፣ መሐሉ ላይ ነጩ ክፍል ይከተላል። የመለኪያውን ትክክለኛነት ለማየት መልሱ አስቀድሞ የሚታወቅ ቦታ ያስፈልጋል፤ ፒሲ 36፡1 በነጩ ክፍል ይበዛል፣ ፒሲ 38፡6 በግራኑላር ንብርብር ይደምቃል። (ፒሲ ማለት ፎስፋቲዲልኮሊን ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የሁለቱ የስብ አሲድ ሰንሰለቶች የካርበን ድምር፣ ሁለተኛው የድርብ ቦንድ ብዛት ነው።) እነዚህ ሁለት ምስሎች በትክክል ካልወጡ ወደ ብዝኃነት ስሌት ማለፍ ትርፉ ድካም ነው።

ናሙናው፦ አራት እንስሳት፣ ከእያንዳንዱ ሁለት ቁራጭ፣ በየስላይዱ ላይ ደግሞ አንድ ቁራጭ ሆሞጅኔት። ሆሞጅኔቱ ሌላ የአይጥ አንጎል ውሃ ሳይጨመርበት በበረዶ ላይ ተፈጭቶ፣ በትንሽ ሻጋታ ቀዝቅዞ እንደ ሕብረ ሕዋስ የሚቆረጥ ነው። ለምን እንደሚያስፈልግ ከታች «መስኮቶችና ወለሉ» በሚለው ክፍል ይታያል። ያለ እሱ ሥራው ባይጀመር ይሻላል።

መቁረጥ

አንጎሉ የሚቀዘቅዘው በደረቅ በረዶ በቀዘቀዘ አይሶፔንቴን ውስጥ ነው። በቀጥታ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ከተነከረ ዙሪያው በጋዝ ይከበብና ቅዝቃዜው ወጣ ገባ ይሆናል፤ ሕብረ ሕዋሱም ይሰነጠቃል። ማቆያው በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው። ከመቁረጡ በፊት ክራዮስታቱ (ቀዝቃዛው የመቁረጫ መሣሪያ) ውስጥ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች አንድ ሰዓት ይቆያል።

ኦሲቲ የተባለው የተለመደ መያዣ ጄል ቁራጩን መንካት የለበትም። ውስጡ ያለው ፖሊኢትሊን ግላይኮል በስፔክትረሙ (በክብደት ግራፉ) ላይ በ44.026 ልዩነት የተደረደሩ ፒኮች (ጉብታዎች) ይተክላል፤ ለብዝኃነት ቆጣሪ እያንዳንዳቸው አዲስ "ሞለኪውል" ናቸው። አንጎሉን ከመያዣው ጋር ለማጣበቅ አንድ ሁለት ጠብታ የተጣራ ውሃ ይበቃል።

የቁራጩ ውፍረት 10 ማይክሮሜትር። ስላይዱ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ሽፋን (አይቲኦ) ያለው ነው፤ የትኛው ፊት እንደተሸፈነ በዓይን ስለማይለይ በመልቲሜትር ይፈተሻል፣ ከሌላው ፊት በማይጠፋ ብዕር ምልክት ይደረግበታል። ቁራጩ በቀዝቃዛው ስላይድ ላይ ተዘርግቶ ከሥሩ በጣት ሙቀት ይጣበቃል፣ ወዲያው ዴሲኬተር ውስጥ በቫክዩም 30 ደቂቃ ይደርቃል። ከማቀዝቀዣ የሚወጣ ስላይድ ሳጥኑ እንደታሸገ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪደርስ መከፈት የለበትም። ካልሆነ የአየሩ እርጥበት ላዩ ላይ ጤዛ ሆኖ ሞለኪውሎቹን ከቦታቸው ያንሳፍፋል፣ የቦታ መረጃው ያኔ አበቃለት።

የታጠፈ ቁራጭ ይጣል። በእጥፉ ላይ ውፍረቱ ሁለት እጥፍ ነው፤ ሲግናሉ ሲለወጥ በሌላ ቦታ ከኖይዝ በታች የነበሩ ፒኮች ብቅ ይላሉ፣ እጥፉም በብዝኃነት ካርታ ላይ እንደ ሀብታም ሰፈር ይበራል።

ማጠብና ማትሪክስ

እጥበቱ በቀዝቃዛ 50 ሚሊሞላር አሞኒየም ፎርሜት፣ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው 5 ሰከንድ። ዓላማው ጨው ማስወገድ ነው፤ ምክንያቱ ከታች በፒክ ዝርዝሩ ላይ ይመጣል። ኤታኖል ወይም ክሎሮፎርም ያለበት እጥበት ለፕሮቲን ሥራ የታሰበ ነው፤ እዚህ የምንፈልገውን ሊፒድ ራሱን ጠርጎ ይወስደዋል። ከታጠበ በኋላ እንደገና በቫክዩም ማድረቅ።

ማትሪክሱ ዲኤችቢ (ዳይሃይድሮክሲቤንዞይክ አሲድ)፣ በሚሊሊትር 40 ሚሊግራም፣ በ70 በመቶ ሜታኖል ከ0.1 በመቶ ትሪፍሉሮአሴቲክ አሲድ ጋር። አውቶማቲክ መርጫው የተስተካከለው እንዲህ ነው፦ የአፍንጫ ሙቀት 75 ዲግሪ፣ ፍሰት በደቂቃ 0.1 ሚሊሊትር፣ ፍጥነት በደቂቃ 1200 ሚሊሜትር፣ የመስመር ርቀት 3 ሚሊሜትር፣ 8 ዙር። ጥግግቱ ይሰላል፦ 8 ሲባዛ በ0.1 ሲባዛ በ40፣ ሲካፈል ለ1200 ሲባዛ በ3፤ በካሬ ሚሊሜትር 8.9 ማይክሮግራም። ማረጋገጫው ሚዛን ነው። 25 በ75 ሚሊሜትር የሆነ ባዶ ስላይድ ሙሉ በሙሉ ከተረጨ ወደ 16.7 ሚሊግራም መጨመር አለበት። ከዚህ በጣም ካነሰ አፍንጫው ተደፍኗል ወይም ፓምፑ አየር ስቧል።

መርጨቱ እርጥብ ከሆነ ሊፒዱ ይፈስሳል፣ በጣም ደረቅ ከሆነ ማትሪክሱ ሊፒዱን ከሕብረ ሕዋሱ አያወጣውም። ፍሳሹ የሚታየው በቁራጩ ዳር ነው። የፒሲ 34፡1 ምስል ከሕብረ ሕዋሱ ጠርዝ ከአንድ ፒክስል በላይ ወጥቶ ከተገኘ ፍሰቱ ይቀነሳል ወይም ፍጥነቱ ይጨመራል። ሌላው መታየት ያለበት የክሪስታሉ መጠን ነው። በማይክሮስኮፕ ረጃጅም የዲኤችቢ መርፌዎች ከታዩ በ20 ማይክሮሜትር ፒክስል መሥራት ከንቱ ነው፤ የሚለካው የክሪስታሉ ቅርጽ ይሆናል። ከዚያ ላነሰ ፒክስል በመርጨት ፈንታ በሰብሊሜሽን (ማትሪክሱን በቫክዩም አትንኖ) መሸፈን ይመረጣል።

ከመርጨቱ በፊት ስላይዱ በስካነር ይነሣል፤ በአራቱ ማዕዘን በነጭ ማረሚያ ቀለም ነጥብ ይደረግበታል። በኋላ ምስሎቹን ማስተካከያ እነዚህ ናቸው።

መሣሪያው ላይ

ፖዘቲቭ ሞድ (አዎንታዊ አዮኖች የሚለኩበት)፣ ከ400 እስከ 1000 ኤም/ዜድ (ክብደት ለቻርጅ ሲካፈል)፣ ሌዘሩ 355 ናኖሜትር፣ በፒክስል 200 ምት። ካሊብሬሽኑ በቀይ ፎስፈረስ፤ ክላስተሮቹ በ30.974 ልዩነት ስለሚደረደሩ መላውን ክልል ይሸፍናሉ። 5 በ4 ሚሊሜትር የሆነ ስፍራ በ20 ማይክሮሜትር 50,000 ፒክስል ነው፤ በሰከንድ 10 ፒክስል ከተነሣ 83 ደቂቃ ይወስዳል። ወደ 10 ማይክሮሜትር ቢወረድ ፒክስሉ 200,000፣ ጊዜው አምስት ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ በአንድ ፒክስል የሚገኘው አዮንም ወደ ሩብ ስለሚወርድ ደካማ ሊፒዶች ይጠፋሉ። ፒክስል ማሳነስ ነጻ አይደለም።

የመለካት ቅደም ተከተሉ በዕጣ ወጥቷል። የአዮን ምንጩ እየቆሸሸ ሲሄድ ሲግናሉ ቀስ በቀስ ስለሚወርድ፣ እንስሳት በቡድን ተሰልፈው ከተለኩ የመሣሪያው ድካም የቡድን ልዩነት መስሎ ይወጣል። ከሕብረ ሕዋሱ ውጭ ማትሪክስ ብቻ ያለበት 20 በ20 ፒክስል ስፍራም በእያንዳንዱ ልኬት ይነሣል።

የፒክ ዝርዝር፦ ብዝኃነቱ የሚፈጠርበት ቦታ

የመጀመሪያው ጥሬ ዝርዝር እንደተለመደው ረጅም ነው። አብዛኛው ሞለኪውል አይደለም፤ ማጣሪያው በአራት ደረጃ ሄዷል።

ማትሪክስ፦ ከሕብረ ሕዋሱ ውጭ ካለው ስፍራ ይልቅ በውስጡ በግልጽ የማይበልጥ ፒክ ይወጣል። ይህ ቀላሉ ነው።

አይሶቶፕ፦ ፒሲ 34፡1 ከፕሮቶን ጋር በ760.585 ይታያል። ሁለት ካርበን 13 ያለው ወንድሙ 762.592 ላይ በ12 በመቶ ገደማ ጥንካሬ ይቆማል። ፒሲ 34፡0 ደግሞ 762.601 ላይ ነው። ሁለቱን ለመለየት ወደ 85,000 የሚጠጋ ሪዞሉሽን (ቅርብ ክብደቶችን የመለየት አቅም) ያስፈልጋል። መሣሪያው ያን ካልደረሰ ከ762.6 ምስል ላይ የ760.585ን ምስል 12 በመቶ መቀነስ ግድ ነው። ሳይቀነስ ቢቀር፣ ፒሲ 34፡1 በበዛበት ሁሉ ፒሲ 34፡0 በሐሰት ይቆጠራል።

አዳክት (ሞለኪውሉ ከአንድ ቻርጅ ሰጪ አዮን ጋር ተጣብቆ የሚታይበት መልክ)፦ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። አንዱ ፒሲ 34፡1 ከፕሮቶን ጋር 760.585፣ ከሶዲየም ጋር 782.567፣ ከፖታሲየም ጋር 798.541 ላይ ይታያል። ድርሻቸው 0.3፣ 0.2 እና 0.5 ቢሆን፣ የሻነን ስሌት (ብዝኃነትን ከድርሻዎች የሚያወጣው ቀመር፣ ከታች ይመጣል) 2.8 ሞለኪውል አለ ይላል። ያለው አንድ ነው። ጉዳት በደረሰበት ሕብረ ሕዋስ ደግሞ ፖታሲየም ወርዶ ሶዲየም ስለሚወጣ፣ ሊፒዱ ሳይለወጥ የአዳክቱ ሚዛን ብቻ ተለውጦ የብዝኃነት ካርታው ይዛባል። መፍትሔው ሦስቱን ምስሎች ደምሮ አንድ ሊፒድ ማድረግ ነው፤ እጥበቱም የተደረገው ጨዉ እንዲቀንስና ድምሩ በአንድ አዳክት ላይ እንዲያርፍ ነው።

ድምሩ ግን ወጥመድ አለው። የፒሲ 34፡1 የሶዲየም አዳክት 782.567 ሲሆን ፒሲ 36፡4 ከፕሮቶን ጋር 782.569 ነው፤ ልዩነቱ 0.0024 ብቻ። ለመለየት ከ320,000 በላይ ሪዞሉሽን ይፈልጋል፤ ለተለመደ የበረራ ጊዜ መሣሪያ የማይሞከር ነው። ይኸው ጥንድ በፒሲ 36፡1 ሶዲየም (810.598) እና በፒሲ 38፡4 ፕሮቶን (810.601) መካከል ይደገማል፤ ሁለት ካርበን ጨምሮ ሦስት ድርብ ቦንድ በሚጨምር ጥንድ ሁሉ ላይ ያው ነው። እዚህ የተወሰደው ውሳኔ እነዚህን የተደራረቡ ፒኮች ከስሌቱ ማውጣትና ለሁሉም ሊፒድ የፖታሲየሙን አዳክት ዋና ምስክር ማድረግ ነው። ዝርዝሩ ያጥራል። አጭርና እውነተኛ ዝርዝር ከረጅምና ከተቀላቀለ ይሻላል።

ስም መስጠት፦ ፋይሉ በአይኤምዜድኤምኤል (የምስል መረጃ የጋራ ፋይል) ቅርጽ ወጥቶ በሜታስፔስ (ለፒኮች የሞለኪውል ስም በሚሰጥ የኢንተርኔት መድረክ) በ10 በመቶ የሐሰት ግኝት ገደብ ተፈተሸ። ከክብደት ብቻ የተገኘ ስም የካርበንና የድርብ ቦንድ ድምርን እንጂ የትኛው ሰንሰለት የትኛው ቦታ እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ አንዱ "ፒሲ 38፡6" በውስጡ ብዙ አይሶመር ሊይዝ ይችላል፤ የምንቆጥረው ብዝኃነት ሁልጊዜ ከእውነተኛው በታች ነው።

ስሌት

በየፒክስሉ የእያንዳንዱ ሊፒድ ጥንካሬ ለድምሩ ተካፍሎ ድርሻ ይሆናል። ከዚያ የሂል ቁጥሮች (1973) በሦስት ደረጃ ይወጣሉ። ደረጃ 0 ብዛት ብቻ ይቆጥራል። ደረጃ 1 የሻነን ኢንትሮፒ ኤክስፖኔንሻል ነው። ደረጃ 2 የድርሻዎቹ ካሬ ድምር ግልባጭ ነው፤ ይህም የሲምፕሰን መለኪያ ተገላቢጦሽ መሆኑ ነው። ሦስቱም አሃዳቸው "ስንት እኩል የሆኑ ሊፒዶች" ስለሆነ በአንድ ሚዛን ይነበባሉ። ምሳሌ፦ አራት ሊፒዶች እያንዳንዳቸው 0.25 ከሆኑ ሦስቱም 4 ይላሉ። አንዱ 0.85፣ ሦስቱ 0.05 ከሆኑ ደረጃ 0 አሁንም 4፣ ደረጃ 1 ግን 1.80፣ ደረጃ 2 ደግሞ 1.37 ይሰጣል።

ደረጃ 0 በዚህ መረጃ ላይ አይታመንም። ገደቡ ትንሽ ከፍ ዝቅ ሲል ካርታው ይለወጣል፣ ጠንካራ ሲግናል ያለበት ፒክስል ሁልጊዜ ሀብታም ይመስላል። ፍተሻው ቀላል ነው፦ የብዝኃነት ካርታውንና የጠቅላላ ሲግናሉን ካርታ በስፒርማን (የደረጃ ዝምድና መለኪያ) ማነጻጸር። ዝምድናው ከ0.7 ካለፈ የተሣለው የሲግናል ካርታ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በደረጃ 1 ይሠራል፣ ደረጃ 2 ለማመሳከር ይቀመጣል።

ጠቅላላ ሲግናልን እኩል ማድረግ (ቲአይሲ ኖርማላይዜሽን) አስፈላጊ ነው ወይ? ፒክስሉ በሙሉ በአንድ ቁጥር ስለሚካፈል ድርሻ ሲወጣ ያ ቁጥር ይሰረዛል፤ በደረጃ 1 እና 2 ላይ ምንም አይለውጥም። ገደብ ከተደረገ ግን ገደቡ ከኖርማላይዜሽኑ በፊት መሆኑና በኋላ መሆኑ የተለያየ ውጤት ይሰጣል። እዚህ ገደቡ በፊት ነው፤ ከማትሪክስ ስፍራው አማካይ ላይ ሦስት የስታንዳርድ ልዩነት ተጨምሮ።

አንድ ነገር ከዚህ ስሌት ውጭ ይቀራል። ፎስፋቲዲልኮሊን በፖዘቲቭ ሞድ ጎረቤቶቹን፣ በተለይ ፎስፋቲዲልኤታኖላሚንን፣ ያፍናል። ስለዚህ ድርሻው የአዮን ድርሻ ነው እንጂ የሞል ድርሻ አይደለም። "ነጩ ክፍል 6 ሊፒድ አለው" አይባልም፤ "በዚህ ዝርዝር፣ በዚህ ማትሪክስ፣ ነጩ ክፍል ከግራኑላሩ ያነሰ ነው" ይባላል።

ጠርዙ ለምን ይበራል?

የደረጃ 1 ካርታ ሲወጣ በንብርብሮች ድንበር ላይ ደማቅ መስመር ይታያል። ድንበሩ በሊፒድ ሀብታም ነው ብሎ መጻፍ ያጓጓል። ቆም ብሎ ማስላት ይገባል። ነጭ ክፍል ድርሻው 0.7፣ 0.2፣ 0.1፣ ግራኑላሩ 0.1፣ 0.2፣ 0.7 ይሁን። እያንዳንዳቸው 2.23 ናቸው። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ፒክስል 0.4፣ 0.2፣ 0.4 ይሆንና 2.87 ይሰጣል። አንድም አዲስ ሊፒድ አልመጣም። ነጭና ቀይ ጤፍ ሲደባለቅ ሰርገኛ ይባላል እንጂ ሦስተኛ ዘር አይሆንም።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ከሁለቱ ንብርብሮች መሐል አማካይ ስፔክትረም ይወሰዳል። እያንዳንዱ የድንበር ፒክስል የሁለቱ ድብልቅ ሆኖ በትንሹ ካሬ ዘዴ ይገለጻል፣ ከድብልቁ የሚጠበቀው ብዝኃነት ይሰላል፣ ከተለካው ላይ ይቀነሳል። የሚተርፈው ብቻ ስለ ድንበሩ ይናገራል። በፐርኪንየ ረድፍ ላይ የሚተርፍ ነገር መጠበቅ ተገቢ ነው፤ አራኪዶኒክ አሲድ ያላቸው ፒሲዎች በእነዚያ ሕዋሳት ውስጥ እንደሚከማቹ ይታወቃል። ነገር ግን በ20 ማይክሮሜትር አንድ ሕዋስ አንድ ፒክስል ነው፤ ፍርግርጉ ሕዋሱ ላይ በትክክል ካልወደቀ ሁለት ወይም አራት ፒክስል ላይ ይከፋፈላል።

መስኮቶችና ወለሉ

ቦታ ወደ ስሌቱ የሚገባው በመስኮት ነው። በ5 በ5 ፒክስል መስኮት (100 ማይክሮሜትር) የ25ቱ ፒክስሎች አማካይ ኢንትሮፒ ኤክስፖኔንሻል አልፋ ይባላል፣ 25ቱ ተደምረው የሚሰጡት ጋማ፣ ጋማ ለአልፋ ሲካፈል ቤታ። ቤታ 1 ከሆነ ፒክስሎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከፍተኛው 25 ነው። ከላይ ባለው የሁለት ፒክስል ምሳሌ 2.87 ለ2.23፣ 1.29 ይሆናል። በ3፣ 5፣ 9 እና 15 ፒክስል መስኮት ተደግሟል፤ መስኮቱ ከንብርብሩ ውፍረት ሲያልፍ ቤታ መዝለል አለበት፣ የሞለኪውላር ንብርብሩ ውፍረት ከ9 ፒክስል (180 ማይክሮሜትር) አካባቢ ነው። ከ80 በመቶ በታች ሕብረ ሕዋስ ያለው መስኮት አይቆጠርም።

አሁን ሆሞጅኔቱ። በውስጡ የቦታ ልዩነት የለም፤ ቤታ 1 መሆን ነበረበት። በተግባር ከ1 በላይ ይወጣል፣ ምክንያቱም የአዮን ቆጠራ ኖይዝና የክሪስታል ወጣ ገባነት ፒክስሎችን ያለያያሉ። ይህ ትርፍ የመለኪያው ወለል ነው። በሕብረ ሕዋሱ ላይ የተገኘ ቤታ ከዚያው ስላይድ ሆሞጅኔት፣ በዚያው መስኮት መጠን ካልበለጠ ብዝኃነት ተብሎ አይመዘገብም። መስኮቱ ሲሰፋ ወለሉም ስለሚለወጥ አንድ ቁጥር ለሁሉም አይሆንም። ወለሉ በአንድ ስላይድ ላይ ከሌሎቹ በግልጽ ከፍ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መርጨቱ ነው።

ርቀት ያለው ብዝኃነት

ሻነን ፒሲ 34፡1ና ፒሲ 36፡1ን ልክ እንደ ፒሲና ስፊንጎማየሊን የተራራቁ አድርጎ ይቆጥራል። ለባዮሎጂ ይህ ትክክል አይደለም። የራኦ ኳድራቲክ ኢንትሮፒ (1982) በየጥንዱ ርቀት ያባዛል። ሁለት ሊፒዶች እኩል ድርሻ ቢኖራቸውና ርቀታቸው 1 ቢሆን 0.5 ይወጣል፤ ወደ ውጤታማ ቁጥር ሲቀየር 2። ርቀታቸው 0.2 ከሆነ 0.1፣ ውጤታማ ቁጥሩ 1.11። ሌንስተርና ኮቦልድ እ.ኤ.አ. በ2012 ይህንን ከሂል ቁጥሮች ጋር በአንድ ቀመር አስረውታል።

የርቀቱ ሠንጠረዥ የእኛ ውሳኔ ነው፦ የተለያየ መደብ 1፤ በአንድ መደብ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሁለት ካርበን 0.1፣ ለእያንዳንዱ ድርብ ቦንድ 0.1፣ ጣሪያው 0.8። ሌላ ሰው ሌላ ቁጥር ቢመርጥ አይሳሳትም፣ ግን ሠንጠረዡን ከውጤቱ ጋር ማስቀመጥ አለበት። ቁጥሮቹን በግማሽና በእጥፍ ለውጦ የንብርብሮቹ ደረጃ ከተገለባበጠ ያ ውጤት ከሠንጠረዡ የመጣ ነው፣ አይጻፍም።

ማመሳከርና ማኖር

ከልኬቱ በኋላ ማትሪክሱ በ70 በመቶ ኤታኖል ይታጠባል፣ ያው ቁራጭ በሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን ይቀለማል፣ ንብርብሮቹ በዚያ ምስል ላይ በእጅ ይከበባሉ። ክበቡ የብዝኃነት ካርታውን ሳያዩ መሠራት አለበት። ምስሎቹን ማጋጠም በነጫጭ ነጥቦቹና በሌዘሩ አሻራ ነው፤ ስሕተቱ ከአንድ ፒክስል ካለፈ የድንበር ስሌቱ ዋጋ የለውም።

ጎረቤት ፒክስሎች ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ የሚለካው የሞራን መለኪያም (1950) ተሰልቷል፣ ግን ፋይዳው ትንሽ ነው። በሕብረ ሕዋስ ላይ ጎረቤት ፒክስል ሁልጊዜ ስለሚመሳሰል በ999 ቅያሬ የሚገኘው የ0.001 ፒ ዋጋ ምንም አያስተምርም። የሚጠቅመው መመሳሰሉ በስንት ማይክሮሜትር እንደሚጠፋ የሚያሳየው ኩርባ ነው።

የንብርብር ንጽጽሩ የሚሠራው በእንስሳ ነው፦ በየእንስሳው ለየንብርብሩ አንድ ሚዲያን፣ የሁለቱ ቁራጮች አማካይ ተወስዶ። ናሙናው አራት ነው፤ 50,000 አይደለም። የአንድ ቁራጭ ፒክስሎች አንዱ ከሌላው ነጻ ስላልሆኑ እንደ ናሙና ከተቆጠሩ ማንኛውም ልዩነት ጉልህ ይመስላል።

የሚቀመጡ ፋይሎች፦ ጥሬው መረጃ፣ አይኤምዜድኤምኤል ከአጋሩ የአይቢዲ ፋይል ጋር (መለያ ቁጥራቸው ካልተገጣጠመ ስለማይከፈት ሁለቱም አብረው)፣ የተጣራው የሊፒድ ዝርዝር ከየአዳክቱ ጋር፣ የተጣሉ ፒኮች ዝርዝር ከነምክንያታቸው፣ የርቀቱ ሠንጠረዥ፣ የየስላይዱ ወለል፣ የዕጣው ቅደም ተከተል። ቀጣዩ ልኬት በኔጌቲቭ ሞድ ነው፤ ሰልፋታይድ 888.624 ላይ በነጩ ክፍል ይጠበቃል። እዚያ መጀመሪያ መታየት ያለበት ከ885.550 ፎስፋቲዲልኢኖሲቶል ሦስት ካርበን 13 ያለው አይሶቶፕ 888.560 ላይ መውደቁ ነው።